በስልክ ታዝዞ ወደ ቤት ስለሚመጣ ምግብ

ከምግብ ቤት አዝዞ በገዛ ቤት መመገብ በአገራችን ከተሞች የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። በዐዲስ አበባ ዴሊቨር አዲስ የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል፤ ዛሬ በዋና ከተማችን ሣጥን በጀርባው ተሸክሞ በሞተር ብስክሌት የሚከንፍ ወጣት ማየት ማንንም አያስገርምም። እኛ በምንኖርበት በደሴ ሰፈር ግን ነገሩ የመጣው በሌላ መልክ ነው። የምናዝዘው በሰው ድምፅ ነው፤ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ደውለን ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ የልጆቹን ጤና ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ «ለስንት ሰው ላድርገው?» ትለናለች፤ ሂሳቡን በቴሌብር እንልካለን፤ ምግቡን ባጃጅ ያመጣዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ ይህ የድምፅ ልማድ ይበልጥ ጠናብን።

ወደዚህ ልማድ የገባነው በቅንጦት አይደለም። ባለቤታችን በኮምቦልቻ ሥራ ስለ ያዘች በማለዳ ከቤት ወጥታ የምትመለሰው ከመሸ በኋላ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ርቀቱን በኪሎ ሜትር አይለካውም። እንዲህ ሆኖ ለማብሰል የምታገኘው ጊዜ ከእንቅልፏ የምትቀንሰው ብቻ ሆነ። የቤቱ ወንዶች ሙያ ደግሞ ሽንኩርት ከመክተፍ አያልፍም። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን እራታችንን ከውጭ ለማስመጣት ተስማማን።

ያልተስማሙት እናታችን ብቻ ናቸው። «የማን እጅ እንደ ሠራው የማላውቀውን ወጥ በገዛ ቤቴ ብሉ ትሉኛላችሁን?» አሉ። ምግብ ቤት መንገደኛ የሚያርፍበት ነው፤ ቤት ያለው ሰው ምድጃውን አያቀዘቅዝም፤ ይህ የእርሳቸው ክርክር ነበር። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ በእኛ አገር ስለ ምግብ ሲነገር መጀመሪያ የሚመሰገነው የሠሪዋ እጅ ነውና። ነገር ግን ያንን ምድጃ ሳይቀዘቅዝ የሚያቆየው የማን ድካም እንደ ሆነ በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እርሳቸውም ከሁሉ ይልቅ ያውቁት ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያቆዩት እርሳቸው ናቸውና። ስለዚህ ተቃውመው ዝም አሉ፤ መሶቡንም ከቦታው አላነሡም።

የመጀመሪያው ሙከራችን ጥብስ ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለ ሆነች፣ ባጃጁ ዳገቱን ወጥቶ እስኪደርስ ጥብሱ ቀዝቅዞ ሞራው ረግቶ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ጥብስ የሚበላው ከምድጃው አጠገብ ነው፤ ከዚህ በኋላ አላዘዝነውም። በሁለተኛው ቀን ከሐይቅ የመጣ የዓሣ ጥብስ አስመጣን። ዓሣው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ ውስጥ በራሱ እንፋሎት ታፍኖ ስለ ቆየ መንኮሻኮሹ ጠፍቶ የተቀቀለ መሰለ። ሦስተኛው በያይነቱ ነው። ይህ ከሁሉ የሚያሳዝን ነበር፤ የምስሩ ወጥ በጎመኑ ላይ ፈስሶ፣ ቀይ ሥሩም ድንቹን አቅልቶ፣ ከታች ያለው እንጀራ ርሶ ሲነሣ ይበጣጠስ ጀመር። ሽሮ ረግቶ ቢመጣም ትንሽ የፈላ ውሃ ጠብ አድርገንበት በእሳት ላይ ስናማስለው ነፍስ ዘራ።

እናታችን ይህን ሁሉ በዝምታ ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ በአራተኛው ጊዜ ጣልቃ ገቡ። «አገልግል ስናሰናዳ ምን እናደርግ ነበር?» ብለው ጠየቁን። አገልግል ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በፍየል ቆዳ የሚለበጥ፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው የመንገደኛ ማዕድ ነው፤ አያቶቻችን ምግብን ከቤት ወደ ሩቅ ቦታ የማድረስን ነገር በእርሱ ጨርሰውት ነበር። በአገልግል ውስጥ ቀጭን ወጥ አይገባም። የሚገባው ወፍራም ወጥ፣ ወይም አስቀድሞ ከእንጀራው ጋር የተዋሐደ ፍትፍት ነው፤ እንጀራው መርጠቡ ጉዳቱ ሳይሆን ጣዕሙ ስለ ሆነ መንገዱ አያበላሸውም። ወዲያው ፍርፍር አዘዝን። ሲደርስ ከምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀርበው ያነሰ አልነበረም፤ እንዲያውም ዘይቱና በርበሬው ገብቶት የተሻለ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ እንጀራውንና ወጡን ለየብቻ እናስመጣለን፤ ለወጡም የራሳችንን ክዳን ያለው ዕቃ አስቀድመን በባጃጁ እንልካለን። ትኩስ ወጥ በፌስታል መቋጠር ለጤና የሚበጅ ነገር አይደለም፤ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅም በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል።

በኮምቦልቻ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከደሴ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች ሙቀቷ ይበልጣል፤ በደሴ ወጡ በመቀዝቀዙ ስናዝን በኮምቦልቻ ያለችው እኅታችን የምትፈራው መበላሸቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ እንዳይቆይ፣ ሲሞቅም እስከ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። በቤታችን ቴርሞሜትር ስለሌለ እኛ የምናውቀው ምልክት ወጡ ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መካከሉንም ሲንተከተክ ማየት ነው። ምሳ የታዘዘው በስድስት ሰዓት ሆኖ የሚበላው በዐሥር ሰዓት ከሆነ ግን ሥጋ ያለበትን ባያዙት ይሻላል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች አሏት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቋል። ባለቤታችን ከሥራ ጓደኞቿ መካከል አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ምድጃ የሚያኖሩበት ስፍራ እንኳ የሌላቸው ልጃገረዶች እንዳሉ ነግራናለች። ለእነዚህ በምሳ ዕቃ የሚላክላቸው ምግብ የስንፍና ነገር አይደለም። የሚያበስሉላቸው በመኖሪያ ቤታቸው የሚሠሩ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ ልጃገረዶቹም «የእማማ እጅ» እያሉ ያመሰግኗቸዋል። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ዳባዋላ የሚባሉት ምሳ አድራሾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1890 ገደማ ጀምሮ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ እነርሱ የሚያመላልሱት በአብዛኛው በየሰው ቤት የተሠራውን ምሳ ወደየመሥሪያ ቤቱ ነው። ይህን ለእናታችን ስንነግራቸው «እነዚያስ ብልሆች ናቸው፤ እጁን ሳይለቁ ምግቡን ላኩት» አሉ። በሚቀጥለው ቀንም ለምግብ ቤቱ ባለቤት ራሳቸው ደውለው ወጡን የምትሠራው ማን እንደ ሆነች፣ የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ በርበሬውንም ከየት እንደምታስመጣ ጠየቁ። ንግግሩ ረዘመ፤ የእኛም እራት ዘገየ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ግን ከሚመጣው ይበላሉ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታ ቆየ። በከተማችን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ በወሎ ሰው ፊት ማዕድ ቀርቦ ለቆመው «እንብላ» አለማለት እንዴት እንደሚታይ ከዚህ ስም መረዳት ይቻላል። ባጃጅ ነጂው ግን ምግቡን አምጥቶ፣ ሽታውን መንገዱን ሙሉ ሲያሸት ቆይቶ፣ ከደጅ ሰጥቶን ይመለሳል። እናታችን በየጊዜው «ልጄ፣ ግባና ቅመስ» ይሉታል፤ እርሱም «ይስጥልኝ እማማ፣ ሌላ ትእዛዝ ይጠብቀኛል» ብሎ ሞተሩን ያስነሣል። ያን ጊዜ እርሳቸው ለጥቂት ደቂቃ እጃቸውን ወደ ማዕዱ አይዘረጉም ነበር።

አንድ ቀን ግን ዕቃውን ከእጁ ተቀብለው «ቁም» አሉት። እዚያው ደጃፍ ላይ ክዳኑን ከፈቱና እንጀራ ቆርሰው ከመጠቅለላቸው በፊት የጠየቁት በወሎ የሚጠየቀውን ነው፤ «የምትበላው የማንን ሥጋ ነው ልጄ? የክርስቲያን ነው የሙስሊም?»

ወጣቱ ሳቀና «አብሽሩ እማማ፣ ሽሮ አይደለም እንዴ ያመጣሁት?» አላቸው። ጥቅሉን በግራ እጁ ይዞ እየበላ በቀኙ እየነዳ ዳገቱን ወረደ፤ እናታችንም ከኋላው «ቀስ በል!» እያሉ ጮኹ።