የእህቴ ቅቤ

«አንተ የተማርከው፣ እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ» ብላ እህቴ የላቦራቶሪውን ወረቀት ሰጠችኝ። ምነው ያን ቀን ባላነበብኩት እላለሁ እስካሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የእህቴን የሦስት ዓመት ልጅ ትኩሳት ያዘው። ከንፈሩ ቀልቶ ተሰነጣጠቀ። «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ታሸለት። ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። ዓይኖቹ ቀሉ፣ ምላሱ እንጆሪ መሰለ፣ እጅና እግሩ አበጠ፣ ገላው ላይ ሽፍታ ወጣ። በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሟ «ካዋሳኪ» የሚባል በሽታ ነው አለችን። የሕፃናትን የደም ሥሮች የሚያስቆጣ፣ በተለይም ልብን የሚመግቡትን ሥሮች ሊያሳብጥ የሚችል በሽታ ነው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1967 የሃምሳ ሕፃናትን ሕመም ጽፈው ካሳወቁት ጃፓናዊ ሐኪም ከቶሚሳኩ ካዋሳኪ ነው።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። «ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚባለው ኤች.ዲ.ኤል 17፣ ትራይግላይሰራይድ ደግሞ 190 ይላል። እኔም በዚያው ሰሞን ለክፍል ሥራ ስለ ልብና ስለ ቅባት ጽፌ ስለነበር ዐዋቂ ሆኜ ቁጭ አልኩ። «ጥሩው ቅባት ወርዷል፣ ሌላው ወጥቷል። ቅቤ ታበዢበት ነበር እንዴ?» አልኳት።

እህቴ ዝም አለች። ቆይታ «ገንፎውን በቅቤ የማርሰው እኔ ነኝ። ልጄን ለዚህ ያበቃሁት እኔው ነኝ» ብላ አለቀሰች። ለሁለት ቀን ወጥም ወተትም ከአፉ ከለከለችው።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ይህን ሰምታ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። «ይህ የምግብ ውጤት አይደለም፣ የቁጣው ነው» አለች። ሰውነት እንዲህ ሲቆጣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላውም አብሮ ይቀንሳል። በደም ውስጥ ያለውን ስብ የሚያፈርሰው ኢንዛይም ስለሚዳከም ደግሞ ትራይግላይሰራይድ ይጨምራል። ቁጣው ሲበርድ ቁጥሮቹ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። «አሁን የሚያስፈልገው መድኃኒቱና ምግቡ ነው። ቅባቱን ሲድን እንደገና እንለካዋለን» ብላ ሄደች።

መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊንና አስፒሪን ነበር። ሕክምናውን ካላገኙ ሕፃናት ከአራቱ የአንዱ ገደማ የልብ ሥር ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ሲሰጥ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። እንግዲህ የሚያስቆጨን ነገር ካለ በዳማከሴ ያለፉት ቀናት እንጂ ቅቤው አልነበረም።

ከሦስት ወር በኋላ ኤች.ዲ.ኤሉ 46 ሆነ። በልብ አልትራሳውንድም ሥሮቹ ደህና ናቸው ተባልን። ተመስገን!

ውድ አንባቢ፣ መምህራችን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ ሲሉን ከርመዋል። እኔ ያን ቀን «ምን» የሚለውን ብቻ አንብቤ «ለምን»ን ከራሴ ፈጠርኩ። «ይህ ደም የተቀዳው መቼ ነው? ልጁ በምን ሁኔታ ላይ እያለ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ እህቴ ባላለቀሰች ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። በጋዜጣ ላይ ብጽፈው ደግሞ ስንት እናት ባስለቀስኩ!

ልጁ ዛሬ ይሮጣል፣ ይቦርቃል። እህቴ ግን አሁንም ገንፎ ስትሠራ ቅቤውን ከማፍሰሷ በፊት ቀና ብላ ታየኛለች።