የነፋስ መውጫ ሰው በጓንዡ

በላይ ጋይንት ደጋ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችውን ነፋስ መውጫን ያየ ሁሉ ስሟ በከንቱ እንዳልተሰጣት ይመሰክራል። በከተማይቱ መካከል የሚያልፈውን፣ ወረታን ከወልዲያ የሚያገናኘውን አውራ ጎዳና ደግሞ የሀገሩ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ኢትዮጵያና ቻይና በ1963 ዓ.ም. ግንኙነት ከመሠረቱ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1964 ዓ.ም. ፔኪንግን ከጎበኙ በኋላ፣ የቻይና መሐንዲሶችና ሠራተኞች መጥተው በ1960ዎቹ ማብቂያና በ1970ዎቹ ተራራውን ቆርሰው፣ ገደሉን ሰብረው፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አወጡ።

ሽማግሌዎቻችን ስለ እነዚያ እንግዶች ሲያወሩ ሳይስቁ አይጨርሱም ነበር። በሁለት ቀጫጭን እንጨት ሩዝ ይበላሉ፤ ደኅና ሆነው ሳሉ፣ ሳይታመሙ፣ የፈላ ውሃ ይጠጣሉ እየተባለ ብዙ ተወርቶባቸዋል። እነሆ ዘመን ተገልብጦ ዛሬ በእነርሱ ሀገር እንግዶች እኛ ሆነናል፤ የሚሳቀውም በእኛ ነው።

የምንኖርባት ከተማ ጓንዡ በደቡብ ቻይና በዕንቊ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ናት። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተገኝቶባታል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቀጥታ ይደርስባታልና፣ ልብስና ስልክ ሊሸምት የሚመጣው የሀገራችን ነጋዴ ጥቂት አይደለም።

በዚህች ከተማ ለደጋ ሰው የመጀመሪያው ፈተና አየሩ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ የታጠበ ጋቢ ሳይውል ይደርቃል፤ ጓንዡ ላይ ግን በጸደይ ወራት ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ስለዚህ ከእናቱ ቤት የተላከለትን ድርቆሽ ሻጋታ እንዳይነካበት እንደ ወርቅ ጠቅልሎ የሚያኖር የኢትዮጵያ ልጅ ብታዩ አትፍረዱበት። ሁለተኛው ፈተና ገንዘብ ነው። በጎዳና ዳር ጐመን የምትሸጥ ባልቴት እንኳ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ምልክት በወረቀት ላይ አትማ ከቅርጫቷ አጠገብ ትሰቅላለች፤ ገዢው ስልኩን ደቅኖባት ይከፍላል። የብር ኖት የዘረጋ ሰው ግን መልስ እስኪፈለግለት ድረስ ቆሞ መጠበቅ ዕጣው ነው። በአንዳንድ ሕንፃ አሳንሰሩ ከ3ኛ ፎቅ ወደ 5ኛ ይዘላል፤ አራት የሚለው ቃል በቋንቋቸው ሞት ከሚለው ጋር በድምፅ ይቀራረባልና። ይህን ሰምተን ከመሳቃችን በፊት፣ በእኛም ሀገር ማታ እባብን በስሙ መጥራት የሚፈሩ አሮጊቶች እንዳሉ ትዝ አለን።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። «ሥጋ አለበት ወይ?» ብለን ብንጠይቅ አብሳዩ «የለበትም» ይላል፤ ሳህኑ ሲቀርብ ግን ከጐመኑ መካከል የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ብቅ ይላል። «ይህስ ምንድን ነው?» ስንለው «እርሱማ ጥቂት ነው፤ ለጣዕም ነው» ብሎ በቅንነት ይመልሳል። «ቺ ሱ»፣ ማለትም ከሥጋ ተከልክሎ መብላት፣ የሚለውን ቃል ከተማርን ወዲህ ግን ነገር ቀለለልን። ከቡድሃ ተከታዮች ብዙዎች በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ ስለሚከለከሉ፣ ለሃይማኖቱ ሲል ምግብ የሚተው ሰው ለከተማው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ እነርሱ ሥጋ በማይገባበት ማድቤት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባም፤ ያለ ሽንኩርት ወጥ ለማያውቅ የጋይንት ሰው ይህ ከጾም በላይ ጾም ነው።

የሰዓቱም ነገር ያስቃል። ጓንዡ ከሀገራችን በ5 ሰዓት ትቀድማለች። በዚህ ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ ጾመኛ እጁን ሲታጠብ፣ ነፋስ መውጫ ላይ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። አንዲት እናት በስልክ «ምነው ልጄ፣ በአራት ሰዓት ልትበላ?» ብለው ደንግጠዋል። እኛም ጾመኛ የሚቈጥረው የቆመባትን ምድር ፀሐይ ነው ብለን አጽናናናቸው። የሥራ ባልደረቦቻችን በቀትር በልተው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሲያሸልቡ ብቻውን ነቅቶ መቀመጥ ግን እውነተኛ ፈተና ነው። በሀገር ቤት ጎረቤት ሁሉ ስለሚጾም ጾሙ ሰውን ይሸከመዋል፤ በባዕድ ሀገር ግን ጾሙን የሚሸከመው ሰውየው ራሱ ነው።

ደግሞም በከተማው ያየነው ሁሉ የሚሳቅበት አይደለም። ሻይ ሲቀዳለት የጓንዡ ሰው ጣቶቹን አጥፎ ጠረጴዛውን ቀስ ብሎ ይመታል፤ ምስጋናው ይህ ነው። አንድ ንጉሥ ተሰውሮ ሲጓዝ ለአሽከሩ ሻይ ቢቀዳለት፣ አሽከሩ ምሥጢሩ እንዳይገለጥ በጕልበቱ ፈንታ ጣቶቹን አንበረከከ ብለው ያወሩታል። ዕቃ ሲሰጡም ሲቀበሉም በሁለት እጃቸው ነው። ይህን ያየ የጋይንት ልጅ እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር!» የሚለውን አባቱን ያስታውሳል። በምሽት የከተማዋ አሮጊቶች በየአደባባዩ ተሰልፈው በሙዚቃ ሲወዛወዙ መጀመሪያ አፍረንላቸው ነበር፤ በኋላ ግን ማንም ሽማግሌ ብቻውን በቤት ተዘግቶ እንዳይቀር አንዱ ሌላውን ሲጠራ አየን። የእኛ እናቶች በዚያ ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ለሠርክ ጸሎት ይሄዳሉ፤ መንገዱ ቢለያይም ብቸኝነትን መሸሹ አንድ ነው።

በጎዳና ስናልፍ ሕፃናት «ላኦዋይ!» ይሉናል፤ የውጭ ሀገር ሰው ማለታቸው ነው። በእጃችን ስንበላ፣ ይልቁንም ስንጐራረስ ያዩን እንደ ሆነ ሳቃቸው አያባራም። ያን ጊዜ የሽማግሌዎቻችን ሳቅ ትዝ ይለናል። መንገዱን የሠሩልን ሰዎች፣ ቤታቸው ርቆ፣ ቋንቋ አጥተው፣ በብርዱ ደጋ ላይ ስንት ማታ ብቻቸውን አሳልፈው ይሆን?

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ልጁን ወደ ሩቅ ሀገር የሚልክ ወላጅ ከድርቆሹ ጋር ይህንን ይጨምርለት፤ ጾምህን ጠብቅ፣ የሌላውን ሰው ገበታ ግን አትናቅ። በቤት የቀሩት ሕፃናትም እንግዳ ባዩ ቍጥር «ቻይና! ቻይና!» እያሉ መጮኽን ትተው «እንደ ምን ዋሉ?» ማለትን ይልመዱ። አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ የተቀበላቸው እነማን እንደ ነበሩ አስቀድሞ አልጠየቀም።