ጋቢውስ?

መጀመሪያ ኤክሴል ከፈትኩ። አትሳቁ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ኮድ ጽፎ የሚያድር ሰው ደግሞ የማያውቀውን ነገር ሁሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ካልከተተው እንቅልፍ አይወስደውም። ለ2015 ዓ.ም. ገና ላሊበላ ልሄድ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ። አየር ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ ስምንት ዲግሪ ተኩል ቢሆን ነው። ስምንት ዲግሪ ተኩል ማለት አንድ ጃኬት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቀፊራ ወርጄ ከልባሽ ክምር ውስጥ አንድ ላባ የመሰለ፣ ቢጠቀለል ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ጃኬት አወጣሁ። ሻጩ ግንባሩን እየጠረገ “አቦ፣ አውሮፓ ልትሄድ ነው እንዴ?” አለኝ። ላሊበላ ስለው ከልቡ አዘነልኝ።

ማታ ሻንጣ ሳዘጋጅ እናቴ ከሳጥኑ የአባቴን ጋቢ ይዛ መጣች። በእጄ መዘንኩት፤ ጃኬቱን ሦስት ጊዜ ያስከነዳል። “እማዬ፣ ይሄ እኮ ግማሽ ሻንጣ ነው” አልኳት። መልሳ አጠፈችው። ምንም አላለችም።

አባቴ በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ከላስታ ሲወጣ ነው ያንን ጋቢ የያዘው። እናቱ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው። ድሬ ላይ ጋቢ ምን ይሠራል? ከራስጌው አጥፎ እንደ ትራስ ይተኛበታል። ለብሶት ያየሁት ወባ የያዘው ጊዜ ብቻ ነው።

ያረፈው ኅዳር 2014 ነው። ያኔ ላሊበላ ጦርነቱ ውስጥ ናት፤ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። እኛ ድንኳን ተክለን ስናለቅስ እናቱ ልጇ በሕይወት እንዳለ ነው የምታውቀው። መርዶው የደረሳት ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ገናው ሰበብ ነው፤ እኔ የምሄደው እሷን ላይ ነው።

እንደደረስኩ አለቀስን። ከዚያ ሻንጣዬን ከፍቼ የሐረር ቡናውንና ስኳሩን አወጣሁ። አያቴ እስከ ሻንጣው ግርጌ ድረስ ስታይ ቆየችና “ጋቢውስ?” አለችኝ።

“ይሄ ጃኬት ይበቃኛል” አልኩ።

አክስቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። “የአባትህን ነው።”

“እሱማ እቤት አለ” አልኳት። (የድሬ ልጅ “አንቱ” ማለት አይሆንለትም፤ አያቴንም “አንቺ” ነው የምላት። አክስቴ ፊቷን ታዞራለች፣ አያቴ ትስቃለች። ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም።)

“አለ?” አለች። “እኔ እኮ በእሱ ገንዘውት ይሆናል እያልኩ ነው የከረምኩት።”

ገንዘነው ቢሆን ይሻላት ነበር ወይስ መኖሩ ደስ አላት? ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። ትንሽ ቆይታ “ብል አልበላውም?” ብላ ጠየቀች። እኔ እንጃ። አጥፌ እንኳ አይቼው አላውቅም።

ቀኑን ስሌቴ ልክ ነበር፤ እንዲያውም ጃኬቱን በእጄ ይዤ ነው የዋልኩት። የዋዜማው ሌሊት ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተ ማርያም ግቢ ከምእመናኑ መሀል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ታኅሣሥ ነው፣ ደመና የሚባል የለም፤ መሬቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የሚመልስለት የለም። አለቱ ደግሞ ከሥር ሙቀትህን ይመጠምጣል። ሠንጠረዤ ውስጥ አየሩ እንጂ ሰማዩም ድንጋዩም አልነበሩም። ጃኬቱ ለሚራመድ ሰው የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን የሚያመነጨው ባለቤቱ ነው። እኔ ደግሞ ተቀምጫለሁ። ወገቤ ላይ ያበቃል፣ ጉልበቴ ብቻውን ነው።

ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ነው የሚያሞቀው። ግማሹን ያነጥፉታል፣ ግማሹን ይከናነቡታል፣ ልጅ ያስገቡበታል። አጠገቤ የነበሩ፣ በእግር ብዙ ቀን ተጉዘው የመጡ አንድ አባት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምተው ነው መሰለኝ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ገልጠው “ግባ” አሉኝ። ገባሁ። ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የጃኬቴ ዚፕ ለሁለት ሰው አይከፈትም።

ሲነጋ ካህናቱ ግማሾቹ ከአለቱ አፋፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው ቤዛ ኩሉን አሸበሸቡ፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሁሉንም ከዚያ ጋቢ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት።

ረፋዱ ላይ ለእንኳን አደረሰሽ እናቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። “ጋቢውን ብል በልቶት እንደሆነ እያለች ነው” አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ግቢ ወጣች። ለካ ከሄድኩ ጀምሮ ገመድ ላይ አስጥታዋለች፤ የድሬ ፀሐይ ከጀርባው ይፋጃል።

አያቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። “ጥለቱን አሳዪኝ” አለች። እናቴ የጥለቱን ጫፍ ካሜራው ላይ አስጠጋች፤ ወዲያው ኔትወርኩ ቆመና ምስሉ ደረቀ።

ዘግቼ እንደገና ልደውል ስል አያቴ እጄን ያዘችኝ። “ተወው፣ እያየሁት ነው” አለች።