ስለ ተራራ ወንበር ጠባቂነት

ልጆቻችን በመደርደሪያው ላይ ያለችውን አንዲት ፎቶግራፍ እያዩ «አባባ፥ ይህ በበረዶ ውስጥ አካፋ ይዞ የቆመው ማን ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። የቆምነው እኛው ነን። በ1997 ዓመተ ምሕረት ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ፥ በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ግዛት፥ ሮኪ በሚባሉት ተራሮች ላይ፥ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ወንበር ስንጠብቅ ከርመናል። የዕድል ቪዛ ደርሶን ዴንቨር ከተማ ከገባን ገና ሦስት ወር አልሞላንም ነበር። ለእናታችንም በማመላለሻ ሥራ መግባታችንን በስልክ ብንነግራት፥ የአውቶቡስ ሹም የሆንን መስሎአት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኛም ስሕተቱን አላረምነውም።

ነገሩን ላላየ ሰው እንግለጸው። ስኪ የሚባለውን ረዥም መንሸራተቻ ከጫማው ጋር አያይዞ በበረዶ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው፥ ዳገቱን በእግሩ ቢወጣ ቀኑን በመውጣት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ እስከ ራሱ በምሰሶዎች ላይ የብረት ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱም በሁለቱ ጫፍ ባሉት ታላላቅ መዘውሮች ሲዞር፥ ወንበሮቹ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። እንደ ፍሬ ማለታችን ለቀልድ አይደለም። ይህን ወንበር ያሰበው ጄምስ ከረን የተባለ የምድር ባቡር መሐንዲስ፥ አስቀድሞ የሙዝ ዘለላ ወደ መርከብ የሚጭን መሣሪያ ያውቅ ነበርና፥ በመንጠቆው ፈንታ ወንበር ሰቀለበት። በአይዳሆ ግዛት ሰን ቫሊ በተባለው ስፍራ ሥራ የጀመረውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ዓመት ነው።

ጠዋት በሌሊት የወረደውን በረዶ ከየወንበሩ በመጥረጊያ እናራግፋለን፤ ሰው የሚሳፈርበትንም መደብ በአካፋ እናስተካክላለን። መደቡ ከጎደጎደ ወንበሩ ጀርባን ይመታል፤ ከፍ ካለም ጉልበትን ያጥፋል። ከዚያ ወዲያ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ፥ በየስድስት በየሰባት ሴኮንዱ የሚመጣውን ወንበር በእጃችን ያዝ አድርገን፥ ኃይሉን አብርደን ለተሳፋሪው እናቀርብለታለን። መቆሙስ አልከበደንም፤ በልጅነታችን መቋሚያ ይዘን በማኅሌት ያደርን ነንና። ብርዱ ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያስናፍቅ ነበር።

በመቆጣጠሪያው ላይ ማዘግያና ማቆሚያ ቁልፎች አሉ። ጠባቂው አደጋ ባየ ጊዜ ማንንም ሳይጠይቅ ማቆም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ገመዱ በቆመ ቁጥር በአየር ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ይወዛወዛል፥ ይበርደዋል፥ ያጉረመርማል። በመጀመሪያው ሳምንት እየደጋገምን ብናቆም፥ የበላያችን «ሕዝቡን ልታሳፍር ነው ወይስ ሰቅለህ ልታሳድር የመጣኸው?» ብሎ በሰው ፊት ዘለፈን። ከዚያ ወዲያ እጃችን ፈራ።

በጥር ወር አንድ ቀን፥ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሕፃን ከአባትዋ ጋር ለመሳፈር መጣች። አባትዋ ተቀመጠ፤ እርስዋ ግን ወንበሩ ከፍ ብሎባት ጫፉን ብቻ ያዘች። አየን። ያን ጊዜውኑ ማቆም ሲገባን፥ ያ ዘለፋ ትዝ ብሎን «አባትዋ ይስባታል» ብለን ጠበቅን። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እስኪባል ያህል ነው። ወንበሩ ከመደቡ አልፎ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ አለ፤ ሕፃንዋም አባትዋ የኮትዋን ኮሌታ እንደ ያዘ ተንጠልጥላ ጮኸች። ቁልፉን ተጫንነው። ከባልደረባችን ጋር ሮጠን ከሥርዋ ቆምንና «ልቀቃት» አልነው፤ በክንዳችን ላይ ወረደች። እርስዋን አንዳች ነገር አልነካትም፤ የእኛን አፍንጫ ግን ስኪዋ አደማው።

አባትዋ ከላይ ደርሶ ሲመለስ ይሰድበናል ብለን ስንጠብቅ፥ እጃችንን ጨብጦ አመሰገነን። ምስጋናው ከዘለፋው ይልቅ አቃጠለን፤ ሦስቱን ቁጥር እርሱ አላየምና። ስለ አደጋው በሚሞላው ወረቀት ላይም «ወዲያው አቆምን» ብለን ጻፍን። ዛሬ በፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል ስንመዘግብ፥ «ወዲያው» የምትለዋን ቃል በሰማን ጊዜ ብዕራችን ትዘገያለች።

በዚያው ማታ ለእናታችን ደወልን፤ የአውቶቡሱንም ነገር አፈረስን። ሰዎችን ወደ ተራራ እንደምናወጣ፥ እነርሱም ተንሸራተው እንደሚወርዱ፥ እንደገናም እንደምናወጣቸው ነገርናት።

«መውረዳቸው ላይቀር ለምን ይወጣሉ?» አለች። በዚህ ብዙ ሳቅን። ከዚያም የሕፃንዋን ነገር ስንነግራት ዝም ብላ ቈየችና፥

«ፈጥነህ አቆምክላት?» ብላ ጠየቀችን።

«ወዲያው» አልናት።