ዓሣው የሚያየው ቀለም

ሞጆ ደረቅ ወደብ ለሚውል ሰው ቀለም ማለት ስም ነው። ከተደረደረው የኮንቴይነር ክምር ውስጥ ሰማያዊው የየትኛው መርከብ ድርጅት፣ ብርቱካናማው የየትኛው እንደሆነ ጽሑፉን ሳናነብ እናውቃለን። እኔ ደግሞ እዚያው አካባቢ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ዓይን የያዘ ዕቃ ግማሹ እንደተሸጠ እንደሚቆጠር በትምህርትም በሥራም አውቀዋለሁ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ የላከልንን የዓሣ ማጥመጃ ሣጥን ስመለከት ከዓሣው በፊት ነጋዴው ነው የታየኝ። ሮዝ፣ የሎሚ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ሐምራዊ፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ብርማ። የከረሜላ ሱቅ ነው የሚመስለው።

ሣጥኑ የመጣው ለአባቴና ለስምንት ዓመቱ ልጄ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው፤ መጀመሪያ በአሰብ፣ በኋላ በጅቡቲ መስመር። ግላኮማ ዓይናቸውን እየጋረደ ሲመጣ መሪውን ለቀቁ፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ በቀስ ከቤት መውጣትም ተዉ። ቀናቸው በሬዲዮና በበረንዳ መካከል አለቀ። ወጣት ሳሉ አዋሽ ላይ በመንጠቆ ያጠምዱ እንደነበር ለልጄ ሲያወሩለት የሰማው የአክስቴ ልጅ ነው፣ በስልክ እየሳቀ «እልክላቸዋለሁ» ያለው።

የላከው ጂግ የሚባለውን ነው። ጂግ ማለት አንገቱ ላይ ክብ የእርሳስ ራስ የተጣበቀበት መንጠቆ ነው (የምንጽፍበት እርሳስ ሳይሆን ከባዱ ብረት)። ከራሱ በታች ለስላሳ የላስቲክ ጅራት ወይም ላባ ይለብሳል። ክሩን ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ብድግ፣ ሲለቁት ዝቅ ይላል፤ ዓሣው የደከመች ትንሽ ዓሣ መስላው ይጎርሳታል ነው ነገሩ። አሜሪካኖች በዚህ በተለይ የሚያጠምዱት ክራፒ የሚባል የሐይቅ ዓሣ ነው። ክራፒ ዓይኑ ትልቅ፣ ከበታች ወደ ላይ እያየ የሚያድን፣ ከንፈሩ እንደ ወረቀት የሳሳ ዓሣ ነው። በዓይኑ የሚያድን ስለሆነ የቀለሙ ዓይነት እንደዚያ መብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ዘንድ ግን ክራፒ የለም። ለሞጆ ቅርቡ ውሃ ቆቃ ነው። በጣሊያን የጦር ካሣ አዋሽ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. የተፈጠረው ሐይቅ፣ ገሊላም ይባላል። እዚያ ያሉት ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ብልጫና ዱባ ናቸው፤ ለቀለም ያላቸውም ስሜት የየራሳቸው ነው። ቆሮሶ ካደገ በኋላ በብዛት የሚኖረው ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ጥቃቅን አልጌ ነው፤ ትል ወይም የሊጥ እንክብል ይወስዳል እንጂ የላስቲክ ዓሣ እያሳደደ አይሮጥም። አምባዛ ዓይኑ ትንሽ፣ ጢሙ ረጅም ነው፤ በማታና በደፈረሰ ውሃ በሽታና በጣዕም እየፈለገ ስለሚበላ ሮዝ ይሁን ጥቁር ግድ የለውም። ዱባ አፉ ወደ ታች ነው፤ ጭቃ ውስጥ ይቆፍራል። ለጂግ የሚሆን አንድ ቀረ፦ ብልጫ። ነፍሳትም፣ ቀንድ አውጣም፣ ትንሽ ዓሣም ይበላል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ያሳድዳል። በጣና ከብልጫ ወገን የሆኑ፣ ሌላ የትም የማይገኙ፣ ዓሣ አዳኝ ዝርያዎች አሉ። ጀማሪ ቤተሰብ እንግዲህ ስለ ቀለም ሲያስብ ስለ ብልጫ ማሰብ አለበት።

ቀለም ውሃ ውስጥ ሲገባ ሣጥን ውስጥ የነበረው አይደለም። በጠራ ጥልቅ ውሃ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ጥቂት ሜትር ወርዶ ጥቁር ይመስላል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። አፈር ያዘለ ቡናማ ውሃ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚዋጠው ሰማያዊው ሲሆን ብርቱካንና ቀይ ይቆያሉ። አልጌ የሞላበት አረንጓዴ ውሃ ደግሞ ቢጫና አረንጓዴውን ነው የሚያሳልፈው። ላንጋኖን ያየ ሰው፣ ያንን ወተት የገባበት ሻይ የሚመስል ውሃ፣ ሰማያዊ ጂግ እዚያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይገምት። ቆቃም በክረምት አዋሽ አፈር ይዞ ሲገባበት እንዲሁ ይደፈርሳል። ስለዚህ ከሣጥኑ ያወጣነው ብርቱካን፣ የሎሚ ቢጫና ጥቁር ብቻ ነው። ጥቁሩ የሚያስገርም ይመስላል፤ ግን ዓሣው ከታች ወደ ሰማይ ሲያይ በብርሃኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው የጥቁር ጥላ ነው። ሐምራዊውና ብልጭልጩ የተሠራው ለእኔ ዓይነቱ ገዢ ነው። ልጄ ግን ሮዙን አልለቅም አለ፤ ተወለት።

አባቴ ቀለሙን አያዩትም። እሳቸው ጂጎቹን አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው እያንከባለሉ በክብደት ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳነብላቸው ትክክል ናቸው፦ 1/32፣ 1/16 እና 1/8 አውንስ። በግራም ስናሰላው 0.9፣ 1.8 እና 3.5 ያህል ማለት ነው። የመኪና ጭነት ሲገምቱ የኖሩ ሰው ግራም መለየታቸው ለእኔ ድንቅ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ተራ ነገር ነው። «ይቺ ትንሿ ነፋስ ይወስዳታል» አሉ። እውነት ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ቀላል ጂግ ከተወረወረበት አይደርስም፣ ክሩም ይላላል። ከባዱ ደግሞ ቶሎ ሰምጦ ጭቃው ወይም የሰመጠ እንጨት ውስጥ ይቀረቀራል፤ የእኛን ጂግ መልሶ የሚገዙበት ሱቅ ሞጆ ውስጥ አላገኘሁም። ለጀማሪ መካከለኛው፣ 1/16፣ ከቡሽ በታች ታስሮ በጠዋት ጸጥታ ከሁሉም ይሻላል። ጂጉ የት እንደሚቆም የሚወስነው ከቡሹ እስከ መንጠቆው ያለው የክር ርዝመት ነው፣ ልጅም ቡሹን ማየት ይችላል። ክራፒ ለሚያጠምደው ሚኒሶታዊም ሆነ ለእኛ፣ ከቀለሙ ይልቅ ጂጉ የሚወርድበት ፍጥነትና የሚቆምበት ጥልቀት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቀለም የሚታረመው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሣጥኑ ውስጥ ሁለቱ ላባ የለበሱ ነበሩ፤ ማራቡ ይባላሉ። ስሙን ያገኙት ከእኛው አባ ኮዳ ነው፣ ዝዋይና ሐዋሳ የዓሣ ማውረጃ ላይ እንደ ተቆጣጣሪ ቆሞ የሚያዩት ያ መላጣ ወፍ። በውጭ ቋንቋ ማራቡ ነው የሚሉት፤ ድሮ ለስላሳው ላባው ይፈለግ ነበር፣ ዛሬ የሚጠቀሙት የቱርክ ዶሮ ላባ ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ የአባ ኮዳ ላባ ልንለቅም ካልሄድን አለ። የዶሮ ላባ በቂ ነው ብለን መለስነው። የዶሮ አንገት ላባ በስፌት ክር ባዶ ጂግ ላይ ጠበቅ አድርጎ አስሮ፣ ቋጠሮውን በጥፍር ቀለም ማድረቅ ነው። የጥፍር ቀለሙ ራሱን ጂጉንም ያቀልማል፤ የእኔ ብርቱካን ቀለም የሄደው በዚህ ነው። እርሳሱ ግን መርዝ ስለሆነ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡት፣ ከነኩት በኋላም ሳይታጠቡ ምንም እንዳይበሉ።

ስለ ውሃው ዝም ማለት አልችልም። የሞጆ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ቆቃ ይገባል፣ ሐይቁም በየጊዜው ማይክሮሲስቲስ በሚባል መርዛማ አልጌ አረንጓዴ ይሆናል። እንደ ቀለም ቅባት የተንሳፈፈ አረንጓዴ ካያችሁ ልጆች እጃቸውን እንኳ አያስነኩ፤ በዚያን ጊዜ የወጣውን ዓሣም ወደ ቤት አይውሰዱ። ጉማሬም አዞም አለ። እኛ ከቀበቶ ደን ርቀን፣ የአካባቢው አስጋሪዎች «እዚህ ቁሙ» ባሉን ገላጣ ቦታ ነው የቆምነው።

አባቴ ዘንጉን ያዙ፣ ልጄ ደግሞ ቡሹን ያያል። «አባባ፣ ትንሽ ተነቃነቀ»፣ «አባባ፣ ወደ ግራ ሄደ»፤ አባቴ ደግሞ «ጠብቅ የኔ ጌታ፣ ገና አልጎረሰም» ይሉታል፣ ጣታቸውን ክሩ ላይ አድርገው። ቡሹ ሲሰምጥ ልጄ ከመጮሁ በፊት አባቴ ስበው ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የወጣችው አንዲት ብልጫ ናት፣ ከመዳፌ ትንሽ የምትበልጥ፣ በጥቁሩ ጂግ። ሮዙ አንድም አልነካም። አባቴ እጃቸውን ውሃ አስነክተው ጎኗን ዳሰሷት፣ ለልጄም ቅርፊቷን አስዳሰሱት፣ ከዚያ «ትመለስ» አሉ። ልጄ እስከ ሞጆ ድረስ አኮረፈ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ቅዳሜ ማለዳ ከእኔ ቀድመው ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ይቆማሉ። ለጎረቤቶቻችንም ከወዲሁ ደውለዋል፦ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የሚያርድ ሁሉ የቀዩን አውራ ዶሮ የአንገት ላባ እንዳይጥለው።