እንቁላልን ማስመርመር ኃጢአት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የጊኒር ወጣቶችና ምእመናን፤ ለጋብቻ የምትዘጋጅ አንዲት እኅታችን በዘር የሚወርድ ሕመም በቤተሰቧ ስላለ ይህን ጥያቄ አቀረበችልኝ።

የሴት እንቁላል ሲበስል ከዘር ውርሱ እኩሌታውን በታናሽ ሕዋስ ለይቶ ያስወጣል። ሐኪሞች ያችን ሕዋስ መርምረው በእንቁላሉ ውስጥ የቀረው ውርስ ጤናማ መሆን አለመሆኑን ይረዳሉ፤ የአባትን ድርሻ ግን አያሳይም። በጀርመን በ1990 እ.ኤ.አ. ፅንስን የሚጠብቅ ጥብቅ ሕግ ከወጣ በኋላ ሐኪሞች ወደዚህ ምርመራ ያዘነበሉት ፅንሱን ላለመንካት ነው።

ልዩነቱን አስተውሉ። የተፀነሰውን መርጦ መጣል ነፍስ ማጥፋት ነው፤ ያልተፀነሰ እንቁላል ግን ገና ሰው አይደለም። ቢሆንም ያለ ንስሐ አባት ምክር አትጀምሩት።

አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረን እንድንጋባ ማዘዛቸውም ጥበብ አለበት፤ የሥጋ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ስውር ሕመም ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉና።

ከሁሉ በላይ ግን የታመመ ልጅ የወለደችን እናት «ምን በድላ ይሆን?» ብለን አንማት። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ እርሱንም ወላጆቹንም ከዚህ ክስ ነጻ አድርጓቸዋል (ዮሐ. 9)። ሕመሙን ለመከላከል እንጣር፤ ሕመምተኛውን ግን እንደ ወንድማችን እንቀበለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።