የሐረሩ ፔዦ

ወደ ሐረር በሄድሁ ጊዜ፥ ከጁገል ግንብ ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር አንድ ባለታክሲ ከልጁ ጋር አሮጌ ፔዦ 404 ሲወለውል አገኘሁ። ይህ ዓይነቱ አውቶሞቢል በፈረንሳይ አገር መሠራት የጀመረው በ1960 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፥ ለሐረር ከተማ በታክሲነት ብዙ ዘመን አገልግሏል።

አስቀድመው አቧራውን በውሃ አጠቡት፤ አሸዋ ከጨርቅ ሥር ከቀረ ቀለሙን ይቧጭራልና። ልጁ ግን በጣሪያው ላይ የደበዘዘ ሥፍራ አይቶ፥ በማለስለሻው ቅባት አጥብቆ ያሸው ጀመር። አባቱም እጁን ያዘና፦

«ተው ልጄ፤ ማለስለሻ የሚያበራው ቀለሙን እየፋቀ ነው። ቀለሙ ካለቀ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ እንጀራችንም ያለው በዚሁ ቆርቆሮ ላይ ነው» አለው።

ከዚያም ሰሙን በስሱ ቀቡት፤ ደርቆ እንደ ጭጋግ በነጣ ጊዜም በንጹሕ ጨርቅ ወለወሉት። ሰም ይሸፍናል እንጂ አይፍቅምና፥ አውቶሞቢሉ ያለ ጉዳት አበራ። የደበዘዘው ሥፍራ ግን ጥቂት ወዝ ከማግኘቱ በቀር እንደ ደበዘዘ ቀረ። ልጁ ቅር ቢለውም አባቱ፥ «ይህ የፀሐዩና የዕድሜው ምልክት ነው፤ ይቆይ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

አንባቢ ሆይ፥ ከአባቶቻችን የቆየንን ዕቃ ስናሳምር፥ የሚጠብቀውን ከሚጨርሰው ለይተን እንወቅ።